የእማዬ ባሌት

ከፓሪስ ከተመለስን ሳምንት ሆነን። ንዴቴ ግን አሁንም አልበረደልኝም።

የመጨረሻ ቀናችን ነበር። ማታ 1:30 ላይ ባሌት አለን፣ እ.ኤ.አ. በ1875 በተከፈተው ኦፔራ ጋርኒዬ ቲያትር ቤት። ትኬቱን ከሦስት ወር በፊት የቆረጥኩት ለእማዬ ብዬ ነው። ባሌት በአካል አይታ አታውቅም። ገና ቁርስ ሳንበላ የሀበሻ ቀሚሷን ተኩሳ አልጋው ላይ ዘርግታዋለች።

እኛስ? ሦስት ቀን ሙሉ ሱቅ ለሱቅ ስንዞር ከርመን፣ ከተማውን በሙሉ በአንድ ቀን ላይ ቆለልነው። ኖትርዳም፣ ሞንማርትር፣ ኤፍል። አንዱ ጓደኛችን ኤፍል ስር ብቻ አርባ ደቂቃ ፎቶ ሲነሳ ቆየ። «እንደርሳለን እኮ፣ ምን ያጣድፍሻል?» ይለኛል።

ስምንት ደቂቃ አርፍደን ደረስን። በሩ ተዘግቷል። እስከ እረፍት ድረስ መግባት የለም ተባልን። ልክ ናቸው! ጨፋሪዋ በእግሯ ጣት ጫፍ ቆማ ሳለ ሰው በጨለማ እየተደነቃቀፈ ሊያልፍ ነው?

እማዬ እብነ በረዱ ደረጃ አጠገብ ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች። ሙዚቃው በስሱ ይሰማል። «ግድ የለም ልጄ፣ ደረጃውም ያምራል» አለችኝ። ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከእረፍት በኋላ ገባን። ሠዓሊው ሻጋል እ.ኤ.አ. በ1964 የሳለውን ጣሪያ ቀና ብላ ማየት ስትጀምር መብራቱ ጠፋ። እማዬ 71 ዓመቷ ነው። ሁለተኛ መቼ ነው የማመጣት?

ያ ጓደኛችን ትናንት የኤፍሉን ፎቶ በቴሌግራም ላከልን። አልከፈትኩትም።