ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው ካልን፣ የቤት ሠራተኛዋስ?

ስለ ውርጃ በተሰበከ ቁጥር የሚነበቡት ጥቅሶች የታወቁ ናቸው። «በሆድ ሳልሠራህ አውቄሃለሁ» (ኤር. 1፥5)፤ ኤልሳቤጥ የማርያምን ሰላምታ ስትሰማ በማኅፀኗ የዘለለው ፅንስ (ሉቃ. 1፥41)። ክርስቲያን ፅንስን ሰው ነው የሚለው ከዚህ ተነሥቶ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። የምጠይቀው ከስብከቱ በኋላ ስላለው ሰኞ ነው።

የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን በነገሩ አልላላችም። በአራተኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ባስልዮስ ፅንሱ ቅርጽ ይዟል አልያዘም የሚለውን ክርክር ወደ ጎን ትቶ ውርጃን ከነፍስ ግድያ ቆጠረው። እዚያው ላይ ግን ንስሐው እስከ ሞት ሳይሆን አሥር ዓመት ይሁን፣ መለኪያውም የዘመኑ ርዝመት ሳይሆን የንስሐው ሁኔታ ይሁን አለ። ከእርሱ በፊት በ314 እ.ኤ.አ. ዛሬ አንካራ በምትባለው ከተማ የተሰበሰበው ጉባኤም የቀድሞውን የዕድሜ ልክ እገዳ ወደ አሥር ዓመት አውርዶት ነበር። እኛ የመጀመሪያውን ግማሽ ይዘን ሁለተኛውን ጥለናል።

አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት የቤት ሠራተኛ አረገዘች እንበል። ሽንኩርቱ ሲቁላላ አፏን ይዛ ወደ ጓሮ ትሮጣለች። እትዬ አንድ ሁለት ቀን አይተው ዝም ይላሉ፤ በሦስተኛው «ዕቃሽን ሸክፊ» ይላሉ። ልጅቷ ደመወዟንም አልጋዋንም በአንድ ቀን አጣች። በዚያች ማታ ወዴት እንደምትሄድ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። እትዬ እኮ እሑድ ከፊት ወንበር የሚቀመጡ ናቸው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡርን ከሥራ ማሰናበት ይከለክላል፤ ከወለደችም በኋላ እስከ አራት ወር። ከወሊድ በፊት 30፣ በኋላ 90 የሥራ ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። የቤት ሠራተኛ ግን ከአዋጁ ውጭ ናት። እዚህ ላይ ያላት ከለላ በአብዛኛው የአሠሪዋ ኅሊና ነው።

ውርጃን የሚቃወም ምእመን እንግዲህ ከቤቱ ይጀምር። አያባርራት። ሃያ ሊትር ጀሪካን ማሸከሙን ይተው። ሦስት ወር ሳይሞላት ወደ ጤና ጣቢያ ይላካት፤ የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትታይ ይመክራል፣ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ክትትሉም ወሊዱም በነፃ ነው። ቀጠሮዋ ቀን ደመወዟ አይቆረጥ። ሕፃኑ እስከ ስድስት ወሩ ጡት ብቻ ስለሚጠባ ከእናቱ ሊለይ አይችልም፤ የዚያን ጊዜ ማረፊያዋን ሰበካው ወይም የጽዋ ማኅበሩ ይቻለው።

አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። በእርግዝናው መጀመሪያ ወራት በአንድ ጎን በታችኛው ሆድ ከባድ ሕመም ከተነሣባት፣ ራሷን ከሳተች ወይም ደም ከፈሰሳት፣ ፅንሱ ከማኅፀን ውጭ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ፅንሱ ያረፈበት የማኅፀን ቱቦ ከፈነዳ ደሙ ወደ ውስጥ ፈስሶ ሊገድላት ይችላል። ጸሎቱ በመንገድ ይደረስ፣ መኪናው ወደ ሆስፒታል ይሂድ። እንዲህ ያለው ፅንስ አድጎ አይወለድም፤ እናቲቱን ማከም ሕይወትን መካድ አይደለም።

ወንዱስ? በብዙ የወንጌላውያን አጥቢያዎች ከመዘምራን የምትታገደው እርሷ ናት፤ የእርሱ ሆድ አይገፋማ! «ዲቃላ» የሚለውን ስድብም የሚሸከሙት እርሷና ልጇ ናቸው። ከካደ በ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት አባትነቱን በፍርድ ቤት ማስወሰን፣ ከዚያም ቀለብ መጠየቅ ይቻላል። አባትነቱን በማያሻማ ሁኔታ የሚያሳይ የእርሱ ጽሑፍ ማስረጃ ስለሚሆን፣ የጻፈላትን ሁሉ አታጥፋ፣ ታስቀምጥ።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 ውርጃ የማያስቀጣባቸውን ሁኔታዎች፣ ለምሳሌ መደፈርን፣ ይዘረዝራል። ይህ እንዲጠብ የሚጠይቁ አማኞች አሉ፤ መብታቸው ነው። አንቀጹ ቢጠብም ቢሰፋም ግን የተባረረችው ልጅ ማደሪያ አታገኝበትም።

ሕፃኗ ሴት ከሆነች ክርስትና የምትነሣው በሰማንያኛው ቀን ነው። ያን ቀን ማን ያነሣታል የሚለው ሐሜት ሳይጀመር እትዬ ራሳቸው የክርስትና እናት ሆነው ይቁሙ።