ፋይሉ እንዲከፈት ማድረግ የላኪው ሥራ ነው

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ በአንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ዓመታት ሠርቻለሁ። ድሮ ሰው የሚመጣው ማመልከቻ ለማስተየብ ነበር። አሁን ብዙው የሚመጣው ስልኩን ይዞ «አቦ፣ ይቺን ፋይል ክፈትልኝ» ለማለት ነው።

በአንድ ጠዋት ከሳቢያን ሰፈር አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። ከአንድ መሥሪያ ቤት በልጅቷ ኢሜይል ደብዳቤ ተልኮላቸዋል። ኢሜይሉ ላይ ያለው ጽሑፍ «አባሪውን ይመልከቱ» የሚል ብቻ ነው። አባሪው ሲከፈት ደግሞ የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና የዶላር ምልክት ተደበላልቆ ገጹን ሞልቶታል። ሌላ ከተማ ቢሆን ሰው ወዲያው «ተበላሽቷል» ይል ነበር። ድሬ ግን ከአማርኛ ጎን አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ በየግድግዳው የሚነበቡባት ከተማ ናት፤ ሁለቱም የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። እናትና ልጅ በማያነቡት ቋንቋ የተጻፈላቸው መሰላቸው። ሶማሊኛ የሚያነብ ጎረቤት ጋ ወሰዱት፤ ሶማሊኛ አይደለም አላቸው። አፋን ኦሮሞ ለሚያስተምር ሰው አሳዩት፤ እሱም ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ሲሉ ሦስት ቀን ሄደ።

እኔ በቤቱ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። ጥርት ያለ አማርኛ ነው። የቤታቸውን ሰነድ ይዘው እንዲቀርቡ ይነግራቸዋል፤ ቀጠሮው ትናንት ነበር። እማማ ድምፅ አላወጡም፤ ነጠላቸውን ብቻ አስተካከሉ። በኋላ መሥሪያ ቤቱ ሲሄዱ የተሰጣቸው መልስ «በኢሜይል ልከንላችኋል» የሚል እንደነበር ልጅቷ ነገረችኝ።

ይህን የምጽፈው ያቺ «ልከናል» የምትል ቃል ስለከነከነችኝ ነው። ተቀባዩ እጅ ገብቶ ያልተነበበ ደብዳቤ ተላከ ማለት አይቻልም። ፋይል አልከፈት ሲል ግን ሁሌም ጥፋተኛ የሚደረገው ተቀባዩ ነው፦ ስልክህ አሮጌ ነው፣ ቫይረስ አለው፣ አትችልበትም። ባየኋቸው ጉዳዮች ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ችግሩ ከመላኩ በፊት በአንድ ደቂቃ ሊስተካከል የሚችል ነበር።

የእማማ ደብዳቤ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ በየቀኑ የሚገጥመኝ እሱ ነውና። የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተሠሩት ኮምፒውተር ፊደላችንን ከናካቴው በማያውቅበት ዘመን ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ተዋሱ። ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ሲሆን ፎንቱ በላዩ የግዕዝ መልክ ያለብሰዋል። ያ ፎንት የሌለበት ስልክ ላይ ልብሱ ይወልቅና ላቲኑ ይቀራል። እነዚያን ፎንቶች የሠሩትን ሰዎች አመሰግናለሁ፤ እነሱ ባይኖሩ በአማርኛ መተየብ ባልቻልን ነበር። ነገር ግን ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተሮች የጋራ ደረጃ ውስጥ፣ የራሱን ቦታ አግኝቷል። ከዚያ ወዲህ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል። በዩኒኮድ የተጻፈ «ሀ» በማንኛውም አዲስ ስልክ ላይ «ሀ» ነው። ዛሬም ግን የ20 ዓመት ፎርም እየተገለበጠ፣ ስምና ቀን ብቻ እየተቀየረበት፣ በዚያው በድሮው ፎንት ለሕዝብ ይላካል።

እንዲህ ያለ ገጽ ከደረሳችሁ አትሰርዙት። በኮምፒውተር ዎርድ ላይ ክፈቱትና የተደበላለቀው ጽሑፍ ላይ አንድ ጊዜ ክሊክ አድርጉ። ከላይ የፎንት ስም በሚታይበት ሳጥን ውስጥ፣ ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ባይጫንም እንኳ ስሙ ይወጣል። የግዕዝ ፎንት ስም ካያችሁ ፋይሉ ጤነኛ ነው፤ ፎንቱ ያለበት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ በፒዲኤፍ አስቀይሩት። ላኪው ራሱ «ሴቭ አዝ» ብሎ ፒዲኤፍ ቢመርጥ ኖሮ የፊደሉ ቅርጽ ከፋይሉ ጋር አብሮ ይሄድ ነበር። የሦስት ክሊክ ሥራ ነው።

የትራንዚተሮቻችን መከራ ደግሞ ሌላ ነው። ይህች ከተማ በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፤ ዛሬም ከጅቡቲ በሚመጣ ዕቃ የሚተዳደረው ሰው ብዙ ነው። ኢንቮይሱ፣ ፓኪንግ ሊስቱ፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ የሚመጣው በኢሜይል ነው። አንድ ደንበኛዬ በአንድ ሰነድ ምክንያት ቀኑን ሙሉ እኛ ጋ ተቀምጦ ዋለ። የደረሰው «ዊንሜይል ዶት ዳት» የሚል ስም ያለው፣ በምንም የማይከፈት ፋይል ነው። ይህ የሚሆነው ላኪው አውትሉክ የሚባለውን የኢሜይል ፕሮግራም «ሪች ቴክስት» በሚባለው አጻጻፍ ሲጠቀም ነው፤ ፕሮግራሙ እውነተኛውን ሰነድ በራሱ ጥቅል ውስጥ ያስገባዋል፣ ጂሜይል የሚጠቀም ሰው ጋ ሲደርስ ጥቅሉ ብቻ ይታያል። መፍትሔው ላኪው አጻጻፉን ወደ «ኤችቲኤምኤል» ቀይሮ እንደገና መላኩ ነው። ደንበኛዬ ይህን ስላላወቀ «እባክህ ድገምልኝ» እያለ አራት ጊዜ ጻፈ፤ አራት ጊዜም ያው ጥቅል መጣለት።

የመጠን ነገርም አለ። ኢሜይል ሲፈጠር ጽሑፍ ብቻ እንዲሸከም ነበር። ፋይል ማያያዝ መደበኛ ሥርዓት የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ እሱም ፋይሉን ወደ ፊደላት ሰንሰለት በመለወጥ ስለሚሠራ ፋይሉ በመንገድ ላይ በሲሶ ያህል ያብጣል። ጂሜይል 25 ሜጋባይት ይፈቅዳል ሲባል ሰምቶ 22 የሚልክ ሰው አንዳንዴ የሚደናቀፈው ለዚህ ነው። ሲበዛ ደግሞ በጎግል ድራይቭ ሊንክ ይላካል፤ ላኪው ፈቃዱን ሳይከፍት ቢሮውን ዘግቶ ይሄዳል፤ ተቀባዩ ዓርብ ከሰዓት «ፈቃድ ጠይቅ» የሚል ገጽ ላይ ይቀራል። ሰኞ ድረስ ማን ይመልስለታል?

ከተቀባዩ የምጠብቀው ትንሽ ነገር ነው። «አልከፈት አለ» ከማለት በፊት ከፋይሉ ስም መጨረሻ፣ ከነጥቡ በኋላ ያሉትን ፊደላት አንብቡ። «ራር» ከሆነ የታሸገ ፋይል ነው፤ ብዙ ጊዜ መፍቻ ፕሮግራም ይፈልጋል። «ኤች ኢ አይ ሲ» ከሆነ አይፎን ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፎቶ የሚያስቀምጥበት ዓይነት ነው፤ ላኪው ወደ ጄፔግ ይለውጠው። የወረደው ፋይል መጠን ኢሜይሉ ላይ ከተጻፈው ካነሰ ዳታው ወይም መብራቱ መሀል ላይ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል፤ እንደገና አውርዱት። ስሙን ብቻ ቀይሮ ራሩን «ፒዲኤፍ» የሚል ላኪም አጋጥሞኛል፤ ስም መቀየር ዓይነቱን አይቀይረውም። ይህን ለማጣራት ፋይሉን በኖትፓድ እከፍተዋለሁ፤ እውነተኛ ፒዲኤፍ የሚጀምረው በፐርሰንት ምልክትና በራሱ በፒዲኤፍ ሦስት ፊደላት ነው።

የማልከፍተውም አለ፤ ደንበኛ ቢቆጣም አልከፍተውም። ስሙ ፒዲኤፍ ብሎ ጀምሮ መጨረሻው «ኢኤክስኢ» ወይም «ቪቢኤስ» ከሆነ ሰነድ አይደለም፣ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓለምን ያመሰው የፍቅር ደብዳቤ መሳዩ ቫይረስ የገባው በዚህ በር ነው፦ ዊንዶውስ የመጨረሻውን ቅጥያ (ከነጥቡ በኋላ ያሉትን ፊደላት) ስለሚደብቅ ሰው ተራ ጽሑፍ መስሎት ከፈተው። ሰው የማይከፈት ፋይል ሲለምድ፣ ምንም ነገር ለመክፈት ሲል ሁሉን «እሺ» እያለ ማለፍ ይለምዳል። ግዴለሽ ላኪ ሕዝቡን ለሌባ ያዘጋጃል የምለውም ለዚህ ነው።

የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ እውቅና ሰጥቷል። ጥሩ ነው፤ እኔም ደግፌዋለሁ። ታዲያ ወረቀቱ ላይ የነበረው ደብዳቤ በማንም እጅ ቢገባ ይነበብ ነበር። በኢሜይል የሚጠሩን መሥሪያ ቤቶችም ይህንኑ እንዲያሟሉ እጠይቃለሁ፦ ፎርማችሁን አንድ ጊዜ ተቀምጣችሁ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩ፤ ደብዳቤውን በፒዲኤፍ ላኩ፤ ከመላካችሁ በፊት በሌላ ሰው ስልክ ከፍታችሁ እዩት፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የቀጠሮውን ቀን፣ ቦታና የሚያስፈልገውን ሰነድ ኢሜይሉ ራሱ ላይ ጻፉ። አባሪው ባይከፈት እንኳ ሰውየው ቀኑን ያውቃል።

የእማማን ደብዳቤ ያን ዕለት በዩኒኮድ እንደገና ተየብኩትና በልጅቷ ቴሌግራም ላኩላት። እዚያው ቆማ አነበበችላቸው። ስድስት መስመር ነበር።