እዚህ ተከራይ፣ እዚያ አከራይ

በዋሽንግተን ዙሪያ ሁለት ሐበሾች ሲገናኙ ጨዋታው ብዙ ሳይቆይ ወደ ቤት ኪራይ ይዞራል። ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን አሌክሳንድሪያ፣ ከደመወዛችን ላይ የአንበሳውን ድርሻ የሚወስደው አከራይ ነው። ከዚያ የአዲስ አበባ ኪራይ ይነሣል፣ «እዚያማ ብሷል» ይባላል፣ ራስ ይነቀነቃል። ስለ ዋጋው ብቻ ስናወራ ግን ሌላው ነገር ይዘነጋናል፤ ቤቱ ውስጥ እንዴት ይገባል? ከተገባስ በኋላ እስከ መቼ ይኖራል?

እዚህ ትልልቅ ሕንፃዎችን የሚያከራዩ ድርጅቶች የሚያዩት ሰውየውን ሳይሆን ወረቀቱን ነው። የማመልከቻ ገንዘብ ይቀበላሉ፤ ቤቱን ባይሰጡህም አብዛኛውን ጊዜ አይመልሱልህም። የብድር ታሪክህን ይመረምራሉ፣ የቅርብ ወራት የደመወዝ ማስረጃ ይጠይቃሉ፤ ብዙዎቹ ገቢህ የኪራዩን ሦስት እጥፍ እንዲሆን ይፈልጋሉ። በዲቪ ትናንት የገባ ሰው የብድር ታሪኩ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ከነጭራሹ የለውም። ለኮምፒውተሩ ግን ከባንክ ተበድሮ ከካደ ሰው ብዙም አይለይም።

ስለዚህ አዲስ መጤው የሐበሻ ቤት ምድር ቤት ፈልጎ ይገባል። ማስታወቂያው እንጀራ ከሚሸጥበት ሱቅ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ወይም ከቅዳሴ በኋላ ሰው ለሰው ይነግረዋል። ውል የለም፣ ክፍያው በእጅ ነው። ባለቤቷ የማን ዘመድ እንደሆነ፣ የት እንደሚሠራ፣ ማታ ስንት ሰዓት እንደሚገባ ትጠይቀዋለች፤ ወጥ ቤቱን መቼ መጠቀም እንደሚችልም ትነግረዋለች። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣችው የመኖሪያ ቤት ሕግ ተከራይን በዘር፣ በትውልድ አገርና በሃይማኖት መለየት የተከለከለ ነው፤ ልጆች አሉህ ብሎ ቤት መንፈግም በ1988 ከተከለከሉት ውስጥ ገብቷል። ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበትን ትንሽ ቤት ግን ሕጉ በከፊል ይተወዋል። የእኛ ምድር ቤትም በዚያች ክፍተት ውስጥ አዲስ አበባን እንዳለች ይዟት ተቀምጧል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ገንዘቡና ደላላው ካሉ በአንድ ቀን ትገባለህ። ፈተናው የሚሰጠው ፊት ለፊት ነው። ባለትዳር ነህ ወይስ ላጤ? ስንት ናችሁ? ልጅ አለ? እንግዳ ይበዛባችኋል? የኤሌክትሪክ ምጣድ ትጠቀማላችሁ? መጨረሻ ላይ፣ አሁን በሕግ ቢከለከልም፣ የሦስት ወር፣ አንዳንዴም የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ይመጣል፤ ከደላላው ኮሚሽን ጋር ስትደምረው የገዛኸው ይመስላል። ዕቃህን ስታስገባም የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች ለገዛ ፍራሽህ ዋጋ ይተምኑልሃል። ያም ሆኖ አከራይህ ሰው ስለሆነ ይለመናል፤ ደመወዝ ዘገየ ስትለው አንድ ሳምንት ይታገሣል። እዚህ የሚለመን ሰው የለም፤ ሜሪላንድ ውስጥ ያለን ነገር ቢኖር የመዘግየት ቅጣቱ ከኪራዩ 5 በመቶ እንዳይበልጥ ሕጉ መገደቡ ነው።

ከገባህ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት የሞንትጎመሪ አውራጃ እ.ኤ.አ. ከ2024 ሐምሌ ጀምሮ በአብዛኞቹ ነባር ሕንፃዎች ላይ የኪራይ ጭማሪ በዓመት ከ6 በመቶ እንዳያልፍ አድርጓል። የሜሪላንድ የመያዣ ገንዘብ ጣሪያም በዚያው ዓመት ጥቅምት ወደ አንድ ወር ኪራይ ዝቅ ብሏል። አዲስ አበባ ላይ ግን አከራይ በአንድ የስልክ ጥሪ ጭማሪውን ሲነግርህ፣ ካልተስማማህ ወር ሳይሞላ ዕቃህን ስታወጣ ኖረሃል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመጣው ይህን ለመቁረጥ ነው፤ ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ጭማሪው በዓመት አንዴ በሚወሰነው ልክ ነው፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ይፈጸማል። ውል ላይ አንሶ የሚጻፍና በእጅ የሚሞላ ኪራይ መኖሩን ግን ማንም የአዲስ አበባ ሰው ያውቃል።

አሁን ወደ እኛው ልምጣ። ያንን ስልክ የሚደውለው አከራይ ብዙ ጊዜ እኛው ነን። እዚህ ባለ አንድ መኝታ ተከራይቶ፣ እዚያ በኤምባሲ ውክልና በወንድሙ በኩል አፓርታማ የሚያከራይ ሰው ጥቂት አይደለም። አንድ የማውቀው ሰው የሞንትጎመሪን ገደብ «ይኼ ነው ፍትሕ» ብሎ ያወድሳል፤ አዋጅ 1320 ሲነሣ ደግሞ «መንግሥት በግል ንብረቴ ምን አገባው?» ይላል። ሁለቱንም በአንድ ማዕድ ላይ ሰምቼዋለሁ፤ አንድም ሰው አልሳቀም።

ምክንያቱ ግን ሙሉ በሙሉ ስስት አይደለም። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት በአዋጅ ተወርሷል፤ የአባቱ ቤት በዚያ ቀን የቀበሌ የሆነበት ሰው ስለ ቤት አዋጅ ሲሰማ ይደነግጣል። ሌላው ሒሳብ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ኪራዩን በዶላር ለሚያስበው አከራይ ገቢው በግማሽ የወደቀ መሰለው፤ እውነትም ወድቋል። ተከራዩ መምህር ወይም ነርስ ከሆነ ግን የሚያስበው በብር ነው፤ ደመወዙ ከምንዛሪው ጋር አልተንቀሳቀሰም፣ ጤፉና ዘይቱ ግን ተንቀሳቅሰዋል። ያ የማውቀው ሰው ኪሳራውን ወደ ተከራዩ ማዞር ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ዶላር የሚያገኘው እሱ፣ ቤቱም የእሱ ሆኖ ሳለ ለምን መምህሩ እንደሚከፍለው አይገባኝም። ይህን ስለው «አንተ ቤት ስለሌለህ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ የለኝም።