ክብር ለሰበር ዜና አርበኞቻችን

ሁለት መስመር የማትሞላ መግለጫ ወጣች እንበል። ተራ አንባቢ በ15 ሰከንድ ጨርሷት ወደ ሥራው ይሄዳል። የዩቲዩብ ሰበር አቅራቢያችን ግን፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ 8 ደቂቃ ያደርሳታል። ዩቲዩብ በቪዲዮ መሀል ማስታወቂያ የሚያስገባው ርዝመቱ 8 ደቂቃ ሲሞላ ነዋ! እ.ኤ.አ. እስከ 2020 አጋማሽ ድረስማ ገደቡ 10 ደቂቃ ነበር፤ የዚያን ዘመን ጀግኖች ጉሮሮ ፈጣሪ ይካሰው።

ጥበቡን ልብ በሉ። ሰላምታው ይረዝማል፤ "ሰብስክራይብ አድርጉ፣ የደወል ምልክቷን ተጫኑ" ይከተላል፤ ከዚያ "ወደ ዜናው ከመግባታችን በፊት" ተብሎ የባለጉዳዩ የሕይወት ታሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ ይተረካል። ዜናው ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ብቅ ሲል ደግሞ የጥያቄ ምልክት አንጠልጥሎ ነው። "እገሌ ሞተ?" ብሎ የጠየቀን ሰው ማን ይከሰዋል?

ፎቶም አይቸግርም፤ የዛሬው ቃጠሎ ካልተገኘ የዛሬ አምስት ዓመቱ አለ። ምስሉን ጉግል ሌንስ ላይ ጭኖ ቀድሞ የት እንደወጣ ማየት የደቂቃ ሥራ ነው፤ ግን በዚያች ደቂቃ ጎረቤት ቻናል ቢቀድምስ?

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የምንጭ አያያዛቸው ነው። የድሮ አዘጋጆች፣ ምስኪኖች፣ እርስ በርስ የማይገናኙ ሁለት ምንጮች ካላገኙ ዜናውን ያሳድሩት ነበር። የእኛዎቹ ወሬውን ከአንድ የቴሌግራም ገጽ ያነሳሉ፤ ሌላው ቻናል ከእነሱ ይወስዳል፤ በማግስቱ ያው የቴሌግራም ገጽ "በርካታ መገናኛ ብዙኃን እንደዘገቡት" ብሎ ሁለቱን ይጠቅሳል። የአየ ሰው የለም፣ ምስክር ግን ሦስት ደረሰ። ስልክ አንስቶ ባለጉዳዩን መጠየቅማ ነውር ነው፤ "አልሞትኩም" ካለ ሰበሩ ተበላሸ።

ሲሳሳቱስ? የአሜሪካው ጋዜጣ ቺካጎ ትሪቡን እ.ኤ.አ. በ1948ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ "ዴዊ ትሩማንን አሸነፈ" ብሎ በፊት ገጹ አተመ፤ አሸናፊው ትሩማን ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ እየሳቀ ፎቶ ተነሳበት። የወረቀት ጣጣ! ሰበር አቅራቢያችን ቪዲዮውን ድምፁን አጥፍቶ ይሰርዘዋል፤ ማታውኑ "እገሌ ሞተ እያሉ የሚያስወሩት እነማን ናቸው?" የሚል አዲስ ሰበር ይለቃል። ከሥሩም "እውነቱን ስለምትነግሩን እናመሰግናለን" የሚል አስተያየት ይጎርፍለታል።