መልሱ ከታወቀ በኋላ

ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት በደቡብ ለንደን አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አራት ሰዎች አንድ ጋዜጣ መሃል አድርገን እንቀመጣለን። አንደኛዋ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ናቸው። ሁለተኛው የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሦስተኛዋ ነርስነት የምትማር ወጣት ናት፤ አራተኛው እኔ ነኝ። የምንፈታው እንግሊዞች «ክሪፕቲክ ክሮስወርድ» የሚሉትን፣ እኔ ደግሞ በልቤ ባለ ሰምና ወርቅ መስቀለኛ ቃላት የምለውን ጨዋታ ነው። በቅርቡ አንድ የአገሬ ልጅ ሊወስደኝ መጥቶ ጥቂት አብሮን ተቀመጠና ስንወጣ፣ «ወንድሜ፣ ይሄን እኮ ስልክህ ላይ ብትጽፈው በአንድ ደቂቃ መልሱን ይነግርሃል። አራት ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ምን ይሠራል?» አለኝ። በቅንነት ነው የጠየቀኝ። ያን ቀን የሚያጠግብ መልስ አልሰጠሁትም፤ ነገሩ ግን ከውስጤ አልወጣም።

መጀመሪያ ጨዋታው ምን እንደሆነ ልናገር። በአገራችን ጋዜጦችና መጽሔቶች የምናውቀው መስቀለኛ ቃላት ዕውቀት ይጠይቃል፤ የወንዝ ስም፣ የንጉሥ ስም፣ የአንድ ቃል ተመሳሳይ። ካወቅኸው ትጽፋለህ፣ ካላወቅኸው ታልፈዋለህ። የእንግሊዞቹ ግን እያንዳንዱ ፍንጭ ወደ አንድ መልስ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች አሉት። የፍንጩ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ የመልሱ ፍቺ ነው፤ የቀረው ደግሞ ያንኑ መልስ በፊደል የሚሠራ የቃል ጨዋታ ነው። ሁለቱ የት ላይ እንደሚለያዩ አይነገርህም። ዓረፍተ ነገሩ ሲነበብ ስለ ሌላ ጉዳይ የሚያወራ ይመስላል፤ መጨረሻው ላይ በቅንፍ የፊደሉ ብዛት ይቀመጣል።

እንግሊዝ አገር ፈቺው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት አሮጌ ፍንጭ አለች፤ ይህቺኛዋ እንዲያውም ፍቺ የሚባል ነገር የላትም። የተጻፈው «ጂ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤስ» የሚል ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ነው፤ መልሱ ባለ ዘጠኝና ባለ አራት ፊደል ሁለት ቃል ነው ይላል። እንቁላል በእንግሊዝኛ «ኤግስ» ነው፤ ፊደሎቹ ተፈርፍረዋል። መልሱ እንቁላል ፍርፍር! ሌላዋ ደግሞ ከኤች እስከ ኦ ያሉትን ስምንት የላቲን ፊደሎች በተርታ ደርድራ ባለ አምስት ፊደል ቃል ትጠይቃለች። ይህቺን የነርስነት ተማሪዋ ከሌሎች ቃላት በተገኙ ፊደሎች ገምታ «ውሃ» ብላ ጻፈች፤ ለምን ውሃ እንደሆነ ግን አልገባትም። እኛም ዝም ብለን ተያየን። የቧንቧ ሠራተኛው ሻዩን አስቀምጦ፣ «ከኤች እስከ ኦ በእንግሊዝኛ ‘ኤች ቱ ኦ’ አይደለም እንዴ? የውሃ ኬሚካዊ ምልክት!» ሲል ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። መልሱ እኮ ከአሥር ደቂቃ በፊት ተጽፎ አልቋል። ደስታው የመጣው ግን ያኔ ነው።

ለወዳጄ የምሰጠው መልስ እዚያች አሥር ደቂቃ ውስጥ ነው ያለው። ስልኩ የሚሰጠው ውሃ የሚለውን ቃል ነው። ጨዋታው ግን ቃሉ ለምን ውሃ እንደሆነ ነው፤ እሱ ደግሞ ሲነገርህና ደርሰህበት ስታየው አንድ አይደለም። በሌላ ቀን «ነምበር» የሚለው ቃል ሁላችንንም አደከመን። ሲጻፍ ቁጥር ማለት ነው። ነርሷ ግን «ነም» መደንዘዝ መሆኑን ይዛ፣ ያንኑ ቃል «የሚያደነዝዝ» ብላ አነበበችውና ማደንዘዣ የሚል መልስ አወጣች። አጻጻፉ አንድ፣ አነባበቡ ሁለት። እኔ ለብቻዬ ሳምንት ባስብ አልደርስበትም ነበር፤ እሷ ግን ቃሉን ከሥራዋ ይዛው መጣች። አራት ሰው አራት ዓይነት ኑሮ ነው፤ ፍንጩ ደግሞ የትኛውን ኑሮ እንደሚፈልግ አይታወቅም።

ጨዋታው ራሱም መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም። የመጀመሪያውን መስቀለኛ ቃላት የሊቨርፑል ተወላጁ አርተር ዊን በኒውዮርክ ዎርልድ ጋዜጣ ያወጣው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 21 ቀን 1913 ነው፤ የዕውቀት ጥያቄ ብቻ ነበር። ወደ ምስጢር የለወጡት እንግሊዞች ናቸው። ገጣሚና ተርጓሚ የነበረው ኤድዋርድ ፓውይስ ማዘርስ ከ1926 ጀምሮ ኦብዘርቨር ጋዜጣ ላይ «ቶርኬማዳ» በሚል የብዕር ስም ይህን ጨዋታ ያወጣ ነበር፤ ስሙን የወሰደው ከስፔኑ ጨካኝ የሃይማኖት መርማሪ ነው። በ1939 ሲሞት ቦታውን የወረሰው የጥንታዊ ቋንቋዎች መምህሩ ዴሪክ ማክነትም «ዚሜኔዝ» የሚል የሌላ መርማሪ ስም ያዘ። ከ1972 ጀምሮ የተተካው ደግሞ ዴዛ የተባለውን መርማሪ ስም ገልብጦ «አዜድ» ተባለ፤ ከኤ እስከ ዜድ ማለትም ይሆናል።

ስማቸው የሚያስፈራ ይሁን እንጂ ለፈቺው ትልቅ ውለታ የዋሉት ከእነዚህ መካከል ናቸው። ዚሜኔዝ በ1966 ባወጣው መጽሐፍ ፍንጭ አስቸጋሪ ይሁን፣ ሐሰተኛ ግን አይሁን ብሎ ተከራከረ። ከእሱ በፊት በ1949 አፍሪት የተባለ አዘጋጅ ሕጉን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጦት ነበር፤ በእኛ አማርኛ «ያልኩትን የማሰብ ግዴታ የለብኝም፤ ያሰብኩትን ግን ማለት አለብኝ» እንደማለት ነው። ሊያሳስትህ ይፈቀድለታል፤ ሊዋሽህ አይፈቀድለትም። እኛ ጠረጴዛ ላይ በጣም የሚያከራክረን ይኸው ነው። መልሱ ከተገኘ በኋላ መምህርቷ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ይህ ቃል እዚህ ምን ይሠራል? ሥራ ከሌለው አዘጋጁ አታሎናል» ይላሉ። አንዲት ትርፍ ቃል ለሩብ ሰዓት ታነጋግረናለች። ሰው ይህን እንደ ቀላል ነገር ሊያይ ይችላል። እኔ ግን ቃልን እንዲህ እየመዘኑ የሚነጋገሩባቸው ቦታዎች እየተመናመኑ እንደሆነ አያለሁና ያንን ሩብ ሰዓት በምንም አልለውጠውም።

ፍጥነትን የሚወዱም አሉ። በ1942 መጀመሪያ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም፣ ዴይሊ ቴሌግራፍ ጋዜጣ በ12 ደቂቃ ውስጥ የሚፈታ ካለ ብሎ ውድድር አዘጋጅቶ ነበር፤ ከተወዳዳሪዎቹም በኋላ በብሌችሊ ፓርክ የጠላትን የምስጢር መልእክት ወደሚፈቱት ዘንድ የተጠሩ አሉ። ይህን ታሪክ እንግሊዞች ደጋግመው ያወራሉ፣ ሊኮሩበትም ይገባል። ለኔ ግን የጨዋታው ልብ ያለው ሰዓት ተይዞ በሚፈታበት ክፍል አይደለም። እኔ ልቡን ያየሁት እ.ኤ.አ. በ2013 ነው።

ጆን ግራሃም የአንግሊካን ቄስ ነበሩ። ጋርዲያን ጋዜጣ ላይ ከ1958 ጀምሮ ይህንኑ ጨዋታ ያዘጋጁ ነበር፤ የብዕር ስማቸው «አሮካሪያ» ነው፣ እንግሊዞች «የጦጣ እንቆቅልሽ» የሚሉት እሾሃማ ዛፍ ስም። ሰዎች በእሳቸው ፍንጭ ልጅነታቸውን አሳልፈው አርጅተዋል። በ2013 ጥር ወር፣ የ91 ዓመት አዛውንት ሳሉ፣ ጋዜጣው ላይ እንደወትሮው የእሳቸው ጨዋታ ወጣ። ከላይ አንዲት ማስታወሻ ነበረችበት፤ አሮካሪያ በ18 ቁጥር የተጠቀሰው እንዳለባቸው፣ ቦታው 19 ቁጥር እንደሆነ፣ በ13 እና በ15 እየታከሙ እንደሆነ የምትናገር። ፈቺዎች ከየቤታቸው ብዕር ይዘው ተቀመጡ። 18 ካንሰር ሆነ። 19 ጉሮሮን ከጨጓራ የሚያገናኘው ቱቦ። 13 እና 15 ተደምረው ሕመምን ለማስታገስ ብቻ የሚሰጥ እንክብካቤ። የሚወዷቸውን ሰው ሕመም በገዛ እጃቸው፣ ፊደል በፊደል፣ ሳጥን በሳጥን ጻፉት። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር አረፉ።

ለወዳጄ ይህን ታሪክ ብነግረው ምን እንደሚለኝ አላውቅም። መልሱ ብቻ ቢፈለግ አንድ መስመር ዜና ይበቃ ነበር። እሳቸው ግን ለ55 ዓመት አብረዋቸው ለፈቱ ሰዎች መርዶውን በዜና መልክ አልነገሩም፤ አብረው በለመዱት መንገድ፣ እየደከሙ እንዲደርሱበት አደረጉ።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ሐሳቤ ወደ ቅኔ ቤት እየሄደ ነው። የዋሸራም ይሁን የጎንጅ ወይም የዋድላ፣ ተማሪው ለብቻው ዛፍ ጥላ ሥር ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል። ቅኔው በጉባኤ ፊት ሲነገር ምስጢሩ የገባው «ይበል!» ይላል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሰሙ የቱ ነው፣ ወርቁ የቱ ነው፣ ኅብሩ የትኛው ቃል ላይ ነው እየተባለ ይፈታል። ባለ ሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ብቻዋን የግማሽ ቀን ወሬ ትሆናለች። አንድ መሆናቸውን ግን አልናገርም። ቅኔ በግእዝ የሚቀርብ ምስጋና ነው፤ ያኛው ጨዋታ ነው። ልዩነቱ ሌላም ቦታ አለ። በቅኔ ሰሙ ወርቁን ይሸከማል፣ ሁለቱ ይዛመዳሉ። በእንግሊዞቹ ፍንጭ ግን ሰሙ ብዙ ጊዜ ከወርቁ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ለማሳሳት ብቻ የቆመ ነው። አልፎ አልፎ ግን አንድ አዘጋጅ ይሳካለትና ሙሉው ዓረፍተ ነገር በአንድ በኩል ፍቺ፣ በሌላ በኩል የፊደል ሥራ የሚሆንበት ፍንጭ ይጽፋል። እንዲህ ያለው ሲመጣ መምህርቷ ዝም ይላሉ። እኔ ደግሞ ሳላስበው «ይበል» እላለሁ፤ አሁን ሦስቱም ቃሉን ለምደውታል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ለራሳችን ነው። ይህን ያህል የሰምና ወርቅ ልምድ ያለው ሕዝብ ለምን መስቀለኛ ቃላቱን በዕውቀት ጥያቄ ብቻ ይሞላል? ፊደላችን አይመችም የሚሉኝ አሉ። በከፊል እውነት ነው። አንዱ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ «መ» እና «ማ» በአንድ ሳጥን አይገናኙም፤ ሰንጠረዡን መሥራት ያደክማል። በሌላ በኩል ግን መጥበቅና መላላት አለመጻፉ ለአዘጋጅ ትልቅ ስጦታ ነው። «ጠባብነት የሌለበት ልብስ ሠሪ» ብዬ ባለ ሁለት ፊደል ቃል ብጠይቅ መልሱ «ሰፊ» ነው፤ ሲጠብቅ ስፋት ያለው፣ ሲላላ መርፌ የያዘ። «ሰማ ሲመለስ ቆፈረ» ብል ደግሞ «ሰማ» የሚለውን ከኋላ ወደ ፊት አንብቡት፣ «ማሰ» ይወጣል። «‘አንበሳጭም’ ከሚሉ ሰዎች አፍ ቀድሞ የሚወጣ አውሬ» የሚለውን ያቀረብኩት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ነው። ሁሉም እማማ የሚሏቸው አንዲት እናት ቃሉን ሁለት ጊዜ በቀስታ ደገሙትና፣ «አንበሳ! ውይ፣ እዚያው አፋቸው ላይ ተኝቶ!» አሉ። ከዚያ እየተሽቀዳደመ የራሱን የሚሞክር በዛ፤ ቡናው በረካ ደርሶ እንኳ የተነሣ አልነበረም።

ይህን የሚያነቡ የጋዜጣና የመጽሔት አዘጋጆች ካሉ፣ በሳምንት አሥር ፍንጭ ብቻ ይሞክሩ። መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት ሲያወጡ ግን አፈታቱንም አብረው ያውጡ፤ ቃሉን ብቻ ማተም ቅኔን ሳይፈቱ መተው ነው። አዜድ በየወሩ አንድ ቃል ሰጥቶ ፈቺዎች ራሳቸው ፍንጭ እንዲጽፉለት ይጠይቅ ነበር፤ ያሸነፉትንም ከአስተያየቱ ጋር ይልክላቸው ነበር። የእኛም የቅኔ ተማሪዎች፣ የታክሲ ረዳቶች፣ የሰርግ ቤት ግጥም ነጣቂዎች ቢጠየቁ ምን እንደሚያመጡ ማየት እፈልጋለሁ።

እስከዚያው አንድ ላስቀምጥ፦ «ከበዓሉ ቀጥሎ ‘ቅረብ’ የተባለ ዝነኛ (3)»። ወዳጄን ጨምሮ፣ የደረሰበት መልሱን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደደረሰበት ይንገረኝ። ያቃተው አገር ይስጠኝ።