አረም አይደለም አልኩ እኮ!

እጄን እንኳ በቅጡ ሳልታጠብ ነው የምጽፈው። ሦስት ቀን ከቤት ብጠፋ፣ ያሮ የተባለው አበባዬ አለቀ! በጽጌረዳዎቹ መካከል ያለው ቦታ ሁሉ ራቁቱን ቀርቷል፤ ተክሉ ከነአበባው ተነቅሎ አጥሩ ሥር ተከምሯል። ሁለት ዓመት የደከምኩበት!

ለጎረቤቴ ለጋሼ ቁልፍ የሰጠኋቸው ጽጌረዳዎቹን ውኃ እንዲያጠጡልኝ ብቻ ነበር። ገና በሩን ስከፍት ከሦስት እንግዶቻቸው ጋር በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ ግቢሽን ከአረም ገላገልኩልሽ!»

«ጋሼ፣ አረም አይደለም። የተከልኩት አበባ ነው።»

«ሳያጠጡት፣ ማዳበሪያ ሳይሰጡት የሚያድግ ነገር አረም እንጂ ምን ይባላል? ለነገሩ አንቺ ከየት ታውቂዋለሽ!»

እንግዶቹ ሳቁ። አንደኛዋማ እያዘነችልኝ ራሷን ነቀነቀች። ምላሴ ተሳሰረ፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ገባሁ። አመሰገንኩ! የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ጋሼ፣ ያሮን የተከልኩት እኮ ሳያጠጡት ስለሚያድግ ነው! ያ ቦታ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው፣ አፈሩ ጠጠር የበዛበት፣ ሌላ አበባ ሁለት ጊዜ የደረቀበት ነው። ያሮ ግን ሥር ከሰደደ በኋላ ድርቅ አይበግረውም። እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ ቅጠሉ ባዶውን መሬት ይሸፍናል፤ ጠፍጣፋው አበባው ንብና ቢራቢሮ ይጠራል፤ ክሽክሽ የተባሉትን የተክል ጭማቂ የሚመጥጡ ደቃቅ ተባዮች የሚበሉ ጥንዚዛዎችም ይመጡበታል። ጽጌረዳዎቹን ክሽክሽ ሲወራቸው ማን ሊደርስላቸው ነው?

ደግሞ ስም የሌለው ነገር አይደለም። ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 አኪሊያ ሚሌፎሊየም ብሎ መዝግቦታል። አኪሊያ የወታደሮቹን ቁስል በዚህ ተክል አክሟል ከሚባለው ከግሪኩ ጀግና ከአኪሌስ የመጣ ነው፤ ሚሌፎሊየም ደግሞ ሺህ ቅጠል ማለት ነው። ሺህ ቅጠል! እርሳቸው በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረሱት።

መስፋፋቱን አልክድም። ከመሬት በታች በሚሄደው ግንዱ ወደ ጎን ይገፋል። ለዚህም ነው በየሁለት ሦስት ዓመቱ ቆፍሬ የምከፍለው፣ አበባው ሲጠወልግም ዘር ሳይበትን የምቆርጠው። ሥራውን የምሠራው እኔ ነኝ፤ ማንንም አግዙኝ አላልኩም!

ማገዝ ሲባል ደግሞ ትዝ አለኝ። ዘሩን የሸጠኝ ሰው በጣት ርዝመት ቅበሪው ብሎኝ አንድም ሳይበቅል ቀረ። የያሮ ዘር እንደ ብናኝ ደቃቅ ነው፤ ለመብቀልም ብርሃን ይፈልጋል፤ አፈሩ ላይ በትኖ በስሱ ጫን ማድረግ ይበቃዋል። ይህን ሳያውቅ ለምን ይሸጣል? አምና ደግሞ እህቴ «አሳዘነኝ» ብላ ፍግ ከመረችበት። በለማ አፈር ያሮ ቁመቱ ይረዝማል፣ ግንዱ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይጋደማል። ከዝናቡ በኋላ ምንጣፍ መስሎ አገኘሁት። ተዉት ስል ለምን የሚሰማኝ ሰው ጠፋ?

ደከመኝ። ከጋሼ ጋር መጣላት አልችልም፤ አጥራችን አንድ ነው፣ ነገም ሰላም እላቸዋለሁ። ቁልፌን ግን ተቀብያለሁ።

አሁን ከክምሩ ውስጥ ያልደረቀውን ሥር እየለቀምኩ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልያለሁ፤ ሳይመሽ እተክለዋለሁ። መሬት ውስጥ ተቆርጦ የቀረውም ቢሆን ቁራጩ ራሱ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ጋሼ ይህን አላወቁም። ማቆጥቆጥ ሲጀምር በአጥሩ ብቅ ብለው «አረሙ ተመለሰብሽ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ያን ቀን እንግዳ ኖረም አልኖረም አላመሰግንም።