ቀዩ መብራት እስኪበራ

ክርክሩ የተነሳው በትንሽ ነገር ነው። ሦስት ሆነን ቁጭ ብለን ስንጫወት ከመካከላችን ወጣቱ መኪና መቀየሩን ነገረን። አዲሱ መኪና ዳሽቦርዱ ላይ የሞተሩን ሙቀት በመርፌ የሚያሳይ ጌጅ የለውም። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሲሆን ሰማያዊ መብራት ይበራል፣ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ከልክ ካለፈ ቀይ ይበራል፤ በቃ። ዕድሜያቸውን በመሪ ላይ የጨረሱት ጋሼ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ።

«ጌጅ የሌለው መኪና?»

«እርስዎ ደግሞ ጋሼ! ጌጅ ማን ያየዋል? ቀይ መብራት ግን ዓይን ውስጥ ይገባል።»

«ሳይቃጠል በቅጠል ነው ልጄ» አሉት።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ልቤ ከጋሼ ጋር ነበር። ወጣቱ የያዘው መከራከሪያ አንድ ነው፦ «መሐንዲሶቹ ያውቃሉ።» ቀዩ መብራት ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚበራ ስጠይቀው «ሲያስፈልግ» አለኝ። ገንዘቡን ያወጣበትን ሞተር ልክ አያውቅም፤ ማወቅም አልፈለገም።

ጋሼ ግን በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ እየጻፉ አስረዱት። ጤነኛ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከ85 እስከ 105 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይሠራል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ውሃው 100 ላይ አይፈላም፤ ኩላንት ከሚባለው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ጋር ግማሽ በግማሽ ሲደባለቅ እስከ 120 አካባቢ ይታገሳል። «እንግዲህ በጤናውና በጥፋቱ መካከል ያለው መንገድ ይህቺው ናት። ጌጁ መንገዱን በሙሉ ያሳይሃል። መብራቱ የሚነግርህ መጨረሻው ላይ ከደረስክ በኋላ ነው። የዛሬው ቴስታታ፣ ማለትም ሞተሩን ከላይ የሚከድነው ብረት፣ ደግሞ አሉሚኒየም ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት ይጣመማል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ጋርኒሲዮኑ ይቃጠላል። ሳይቃጠል በቅጠል!»

እኔም የደረሰብኝን ነገርኩት። የድሮው መኪናዬ መርፌ ሁልጊዜ ከግማሽ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር የሚቆመው። አንድ ቀን ዳገት ላይ ግማሹን በራሱ ውፍረት ያህል አለፈ። ሌላ ሰው ቢያየው ምንም አይለውም፤ ሁልጊዜ የት እንደሚቆም ስለማውቅ ግን ጥግ ይዤ አቆምኩ። ኮፈኑን ስከፍት የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ማሰሪያው አጠገብ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ አውጥቶ ጉም የመሰለ ውሃ ይረጫል። ትኩሱ ብረት ላይ ያረፈው ደርቆ ነጭ ምልክት ትቷል። ክዳኑን በትኩሱ ሳልነካ ጠበቅኩ፣ ሲቀዘቅዝ የተሰነጠቀውን ጫፍ ቆርጬ መልሼ አሰርኩት፣ ውሃ ጨመርኩ፣ ሄድኩ። ቅጠሏ ያቺ የመርፌ ውፍረት ነበረች።

ወጣቱ አንድ ደህና ነገር የተናገረው እዚህ ላይ ነው። «የዛሬ ጌጅ እኮ መሃል ላይ የተቸነከረ ነው» አለ። እውነቱን ነው። ብዙዎቹ አምራቾች ሙቀቱ በሰፊው ከፍ ዝቅ ቢልም መርፌው መሃል ላይ እንዲቆም አድርገውታል፤ ሾፌሩ በየዳገቱ እንዳይደነግጥ ተብሎ። ግን ይህ ጌጁን እውነት እንዲናገር ለማድረግ የሚቀርብ ክስ እንጂ ጌጁን ለመንቀል ምክንያት አይሆንም።

ከሁሉ የከበደውን ደግሞ ጋሼ ለመጨረሻ አስቀምጠውት ነበር። «ውሃው በድንገት ቢያልቅስ? ሴንሰሩ ውሃ ውስጥ ካልሆነ አየር ነው የሚለካው። ሞተሩ እየነደደ ቀዩ መብራትህ ጭራሽ ላይበራ ይችላል።» መርፌው ግን በዚያ ጊዜ ሳይታሰብ ወደ ቀዝቃዛው ሊወርድ ይችላል። ሁልጊዜ የሚያየው ሾፌር ዳገት ላይ መርፌ ሲወርድ ችግር እንዳለ ይገባዋል። መብራት ብቻ ያለው ሰው «ካልበራ ሰላም ነው» ብሎ ሞተሩ ነክሶ መዞር እስኪያቆም ይነዳል። ወጣቱ ዝም አለ፤ ከዚያ ስልኩን አወጣ።

ፍርዴን ልናገር። መብራቱ ከንቱ አይደለም፤ ለተዘናጋ ሰው መቀስቀሻ ነው፣ ከጌጅ ጎን ይኑር። አንዱን ምረጥ ከተባልኩ ግን ጌጁን ነው የምመርጠው። የሚያናድደኝ ደግሞ ይህ አመል በመኪና አለመቅረቱ ነው። ዘመኑ ባለቤቱን ከገዛ ንብረቱ አርቆታል። ዕቃ ሲበላሽ «ችግር ተፈጥሯል» ብሎ ይዘጋል፤ ምን ችግር? ለማን ይነገራል! ደም ግፊቱን የሚለካው ሰው ወድቆ ሲነሳ ነው። አለቃ ስለ ሥራው የሚጠይቀው ሥራው ከፈረሰ በኋላ ነው፣ ቀስ በቀስ እየባሰ መሆኑን የነገረውን ሰው ግን ጨለምተኛ ይለዋል። ባልና ሚስት እንኳ «ደህና ነን» እያሉ ከርመው አንድ ቀን ጓዛቸውን ይከፋፈላሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶች ቅጠሉ በእጃቸው ነበር፤ እኛ ቅጠሉን ጥለን የእሳት ደወል ገዛን፣ ይህንንም ሥልጣኔ አልነው።

እኔ ዛሬ የምነዳው መኪናም ጌጅ የለውም፤ ሲገዛ አልተጠየቅኩም። ከመሪው ሥር ባለው የምርመራ ሶኬት ላይ ማንበቢያ ሰክቼ ቁጥሩን አያለሁ። ሜዳ ላይ 91፣ መንገድ ሲጨናነቅ 97፣ ከዚያ ፋኑ ይነሳና ይመልሰዋል። ዳገት ላይ 104 ሲል እግሬን ከነዳጁ ላይ አላላለሁ።